«ይቆይ» የተባለ ልብ

ጄፒ የሚነግዱ ወይም ዕቃ ለማውጣት ከየሎኬሽኑ ወደ ጄፒ ብቅ የሚሉ ወገኖች «ሜዲካል አርትስ» የሚባለውን ሕንፃ ያውቁታል። ዛሬ ፎቅ በፎቅ ልብስ፣ ጫማና ብርድ ልብስ የሚሸጥበት ይህ ሕንፃ ስሙን ያገኘው ከነጋዴ ሳይሆን ከሐኪም ነው። ጄፒ ስትሪት እኛ ከመድረሳችን በፊት የዶክተሮች ሰፈር ነበር። ከተማው መለወጥ ሲጀምር ሐኪሞቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሰሜኑ ክፍል ሄዱ፤ ባዶ የቀሩትን የምርመራ ክፍሎች ከ1990ዎቹ ወዲህ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች እየተከራዩ ሱቅ አደረጓቸው። ሕመምተኛ ተራ ይጠብቅበት የነበረው ኮሪደር የገበያ መተላለፊያ ሆነ። መንገዱም ቢሆን በሕግ ስሙ ተለውጦ ራሂማ ሙሳ ስትሪት ተብሏል፤ ጥቂት ዝቅ ብሎ ያለው ደግሞ ሄለን ጆሴፍ ስትሪት ነው። ልብ ይበሉ፤ ሁለቱም የሆስፒታል ስሞች ናቸው። እኛ ግን ዛሬም «ጄፒ» ነው የምንለው። (ዘመኑን የምቈጥረው እዚህ አገር እንደለመድነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ ያህል አይደለም። ማን ከየትኛው ሆስፒታል ምን ያህል ይርቃል፣ በሩ ላይስ ማን ቆሞ ምን ይጠይቀዋል የሚለው ጉዳይ ከጆሃንስበርግ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ2020 የመጣው ወረርሽኝ ይህን የቆየ ጉዳይ አደባባይ አወጣው።

ስለ ኮሮና ብዙ ተጽፏል፤ የሞተውም የዳነውም ተቈጥሯል። እኔ ላወራዎት የፈለግሁት ኮሮና ሳይዛቸው ኮሮና ስለጎዳቸው ሰዎች ነው፤ ይኸውም ልባቸውን ስለሚያማቸው። ለእነርሱ የዚያ ዘመን ዋና ቃል «ይቆይ» የሚለው ነበር። ሆስፒታሉ ሕመምተኛውን «ይቆይ» አለው፤ ሕመምተኛውም ደረቱን እየዳበሰ ራሱን «ይቆይ» አለ። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንደጎዳ ለመፍረድ ያስቸግራል። የእኔ ሐሳብ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል፤ ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል።

ወረርሽኝ ለሁለቱም አገሮች እንግዳ አይደለም። አገር ቤት በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ ቆሻሻ የሚቃጠለው፣ በኛ አቆጣጠር በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ትዝታ ነው። በከተማይቱ ብቻ እስከ 10,000 የሚደርስ ሰው እንዳለቀ የሚገምቱ አሉ። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም ታመው ነው የተረፉት። በዚያው በ1918 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል። በሽታው በመርከብ መጥቶ በባቡር ተጓዘና፣ ወርቅ ቆፋሪዎች ተፋፍገው ከሚያድሩባቸው የማዕድን ካምፖች ገባ። የዚያ ዓመት ኦክቶበር እስከ ዛሬ «ጥቁሩ ኦክቶበር» ይባላል።

ይሁን እንጂ በ1918 በወረርሽኝ ምክንያት የተቋረጠ የልብ ሕክምና አልነበረም። የሌለ ነገር አይቋረጥም። የልብን ምት በወረቀት ላይ የሚጽፈው መሣሪያ ከተፈለሰፈ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ደረቱን ድንገት ይዞት የወደቀ ሰው፣ ወረርሽኝ ኖረም አልኖረም፣ ዕድሉን ነበር የሚጠብቀው። በ2020 ግን የሚታጣ ነገር ነበረ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

በመካከሉ በነበሩት መቶ ዓመታት የተሠራው ሥራ ቀላል አይደለም፤ ከእርሱም ይህ የምንኖርበት አገር የራሱ ድርሻ አለው። ዲሴምበር 3 ቀን 1967 ኬፕ ታውን በሚገኘው ግሩተ ስኩር ሆስፒታል ዶክተር ክሪስቲያን ባርናርድ በዓለም የመጀመሪያውን የሰው ልብ ወደ ሌላ ሰው አዛወሩ። ሕመምተኛው ሉዊስ ዋሽካንስኪ 18 ቀን ኖሮ በሳንባ ምች ሞተ። በጃንዋሪ 1968 በተደረገው ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ልቡን የለገሰው ክላይቭ ሃውፕት የተባለ፣ መንግሥቱ «ከለርድ» ብሎ የመደበው ወጣት ሲሆን፣ ተቀባዩ ፊሊፕ ብላይበርግ ደግሞ ነጭ የጥርስ ሐኪም ነበር። በአንድ ሆስፒታል ክፍል ጎን ለጎን መተኛት የተከለከሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ልብ ተገናኙ። ብላይበርግም በዚያ ልብ አሥራ ዘጠኝ ወር ያህል ኖረ።

ጆሃንስበርግም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ሆስፒታል ነበራት። ትልቁ «ጆሃንስበርግ ጄነራል» ለነጮች ነበር፤ ዛሬ ፓርክታውን ኮረብታ ላይ ከሩቅ የሚታየው፣ በ2008 በነጻነት ታጋይዋ በሻርሎት ማክሴኬ ስም የተሰየመው እርሱ ነው። ባራግዋናት ደግሞ በ1942 ለእንግሊዝ ወታደሮች ተሠርቶ ከጦርነቱ በኋላ የሶዌቶና የአካባቢው ጥቁር ሕዝብ ሆስፒታል ሆነ፤ ከ1997 ጀምሮ ክሪስ ሃኒ ባራግዋናት ይባላል። ሜዲካል ኤይድ የሌለው የጆሃንስበርግ ሰው ልቡን ሲያመው፣ የረቀቀውን ምርመራና ሕክምና የሚያገኘው በዋናነት በእነዚህ በሁለቱ ነው።

ሕክምናው ምን እንደሆነ ካላወቅን «ይቆይ» የሚለው ቃል ክብደቱ አይገባንም። የልብ ጡንቻ ራሱ ደም የሚያገኝባቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች አሉት። ከእነርሱ አንዱ በረጋ ደም ድንገት ሲደፈን፣ ከዚያ ሥር ደም ይጠብቅ የነበረው የጡንቻ ክፍል በየደቂቃው ይሞታል። ሐኪሞቹ ከእጅ አንጓ ወይም ከብሽሽት ተነሥተው ቀጭን ቱቦ እስከ ልብ ድረስ ያስገባሉ፤ የተደፈነውን ቦታ በትንሽ ባሉን ከፍተው፣ እንደገና እንዳይዘጋ ስቴንት የሚባል የሽቦ ደጋፊ ይተዉበታል። ሕመምተኛው ሆስፒታል በገባ በ90 ደቂቃ ውስጥ ይህ ቢደረግለት እሰየው። ካልተቻለ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጠዋል፤ እርሱም ቢሆን ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ውስጥ ነው የሚያድነው። 12 ሰዓት ካለፈ የሞተው ጡንቻ ሞቷል።

አሁን ወደ 2020 እንመለስ። ማርች 5 ቀን በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ተገኘ። ማርች 11 ቀን በዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም የሚመራው የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን አስታወቀ። ማርች 26 እኩለ ሌሊት ላይ የአገሪቱ በር ተቆለፈ፤ ጄፒም ጭር አለ። ያንን ሎክዳውን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነውና አልፈዋለሁ።

ሆስፒታሎቹ በቀጠሮ የሚሠሩ ኦፕራሲዮኖችን አቆሙ። አሳቡ አልጋ፣ ኦክሲጅን፣ ነርስና መከላከያ ልብስ ለሚመጣው ጎርፍ ለማትረፍ ነበር፤ እንደ አሳብ የሚያስነቅፍ አይደለም። ችግሩ «በቀጠሮ» የሚለው ቃል ልብ ላይ ሲመጣ ያታልላል። በልጅነቱ ጉሮሮውን ታሞ ሳይታከም በመቅረቱ የልቡ በር የተበላሸበት ወጣት ኦፕራሲዮኑ የቀጠሮ ነው። የደም ሥሮቹ ጠበው ደረጃ ሲወጣ የሚያስቃትተው አባወራም ምርመራው የቀጠሮ ነው። ዛሬ ቢቀር ዛሬ አይሞቱም። ስድስት ወር ቢቀር ግን ማን እንደሚቀር አይታወቅም። በ108 አገሮች በሚገኙ 909 የሕክምና ተቋማት የተደረገ አንድ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ በኤፕሪል 2020 የተደረገው የልብ ምርመራ ከማርች 2019 ጋር ሲነጻጸር በ64 ከመቶ ቀንሶ ነበር። ቅናሹም የባሰው በድሆቹ አገሮች ነው።

ይህ ሁሉ ስለሚጠብቀው ልብ ነው። ስለማይጠብቀውስ?

እዚህ ላይ ሐኪሞችን ያስደነገጠ ነገር ሆነ። ድንገተኛ የልብ ሕመምተኛ ጠፋ! የሆስፒታሎቹ በር ለድንገተኛ ክፍት ነበር፤ ሐኪሙም ቱቦውን ይዞ ይጠብቃል፤ ሰው ግን አልመጣም። በሰሜን ኢጣሊያ ወረርሽኙ በገባባቸው ሳምንታት በልብ ሕመም ሆስፒታል የሚገባው ሰው ቀደም ሲል በቀን 18 ያህል ከነበረው ወደ 13 ወረደ። በእንግሊዝ እስከ ማርች 2020 መጨረሻ ድረስ በ40 ከመቶ ያህል ቀነሰ። ለመሆኑ ኮሮና ልብ ያድናል እንዴ? ብለው የጠየቁ አልጠፉም። መልሱ ከሌላ መዝገብ ተገኘ፤ በሎምባርዲያ ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው የቆመ ሰዎች ቍጥር ከቀደመው ዓመት ጋር ሲነጻጸር በ58 ከመቶ ጨመረ፤ በኒውዮርክ ከተማም ሦስት እጥፍ ያህል ሆነ። በእርግጥ ከእነዚህ ብዙዎቹን የገደለው ራሱ ኮሮና ነው። የቀሩት ግን ቤታቸው ሆነው «ይቆይ» ያሉት ናቸው። በሆንግ ኮንግ በአንድ ሆስፒታል የታከሙ ጥቂት ሕመምተኞች ሰዓታቸው ተለክቶ ነበር፤ ሕመሙ ከጀመራቸው ሐኪም እስኪያገኙ ድረስ ቀድሞ 82 ደቂቃ ያህል ይፈጅ የነበረው ወደ 318 ደቂቃ ረዘመ። ከአምስት ሰዓት በላይ መሆኑ ነው። ከላይ ስለ ጡንቻው የተናገርኩትን ያስታውሱ።

ሰው ሆስፒታል ቢፈራ ግን አይፈረድበትም። በማርች 2020 ደርባን ውስጥ በሚገኘው ሴንት ኦጋስቲንስ ሆስፒታል፣ በድንገተኛ ክፍል በገባ አንድ ተላላፊ ምክንያት 39 ሕመምተኞችና 80 ሠራተኞች በበሽታው ተይዘው፣ ከሕመምተኞቹ 15ቱ እንደሞቱ በኋላ በተደረገው ምርመራ ታውቋል። ይህን ወሬ የሰማ ሰው ደረቱን ቢወጋው ምን ይላል? «ልብ ሳይገድለኝ ሆስፒታሉ ይገድለኛል» ይላል። ፍርሃቱ ልክ ነበረ፤ ስሌቱ ነው የተሳሳተው።

በእኛ በኩል ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። የደረት ሕመም በእኛ ቤት ስሙ ብዙ ነው። «ብርድ ነው»፣ «ውጋት ነው»፣ «ጨጓራዬ ተነሥቶብኝ ነው» እንላለን፤ ተልባ በጥብጠን ወይም ዝንጅብል አፍልተን ጠጥተን እንተኛለን። ጨጓራ የሆነ ጊዜ ተልባው ያስታግሳል። ልብ የሆነ ጊዜ ግን ያ ሌሊት ሐኪሞቹ የሚቈጥሩት ሰዓት ነው። ወደ ግራ እጅ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ የሚያሰምጥ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥርና በዕረፍት የማይለቅ ሕመም ጨጓራ ነው ተብሎ የሚታደርበት አይደለም። ስኳር ያለበት ሰውና ሴቶች ደግሞ ያለብዙ ሕመም፣ በድካምና በማቅለሽለሽ ብቻ ሊይዛቸው ይችላል።

ስለ ጆሃንስበርግ ሲወራ መዘንጋት የሌለበት አንድ ነገር አለ። እስካሁን ያነሣሁት የተደፈነ የደም ሥር ታሪክ ይበልጡን የአውሮፓና የአሜሪካ ታሪክ ነው። ባራግዋናት ውስጥ በፕሮፌሰር ካረን ስሊዋና በባልደረቦቻቸው የተካሄደው «የሶዌቶ ልብ» የተባለው ጥናት በ2006 አዲስ የተገኙ 1,593 የልብ ሕመምተኞችን መዝግቦ ነበር። ከእነዚህ 704ቱ የልብ ድካም ሲኖራቸው፣ የልብ የደም ሥር የጠበበባቸው ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። ከልብ ድካሙ ጀርባ ደግሞ በብዛት ያልታከመ የደም ግፊት አለ። ይህ ሕመም ጯሂ አይደለም። በየወሩ ኪኒን በመውሰድ፣ በየጊዜው በመለካት የሚያዝ ነው። እንግዲህ ሎክዳውኑ የሶዌቶን ልብ የመታው በዚህ በኩል ነው፤ ታክሲ በጠፋበት፣ የዕለት ገቢ በተቋረጠበት፣ ክሊኒክ ሄዶ መሰለፍ በሚያስፈራበት ጊዜ ኪኒኑ አለቀ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱትም፣ መጠኑ ልክ መሆኑን የሚያሳየውን የደም ምርመራ ዘለሉ። ይህ ጉዳት በአንድ ሌሊት አይታይም። ከወራት በኋላ እግር ሲያብጥ፣ ጋደም ብሎ መተኛት ሲያቅት ነው የሚታየው።

አገር ቤትም ከዚህ የራቀ አልነበረም። በዶክተር በላይ አበጋዝ በተመሠረተው የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ በ2009 የተከፈተው የልብ ሆስፒታል ለብዙ ኦፕራሲዮኖቹ ከውጭ አገር እየመጡ በሚያግዙ የሐኪሞች ቡድን ሲረዳ የኖረ ነው። ወረፋውም በሺሕ የሚቈጠር ሕፃን ነው። አውሮፕላን ሲቆም እንግዳ ሐኪም ቀረ። ካርቱም የሚገኘውና ከ2007 ጀምሮ ኢትዮጵያውያንንም በነጻ ሲያክም የነበረው የኢጣሊያኖቹ የሰላም ልብ ማዕከልም፣ ሱዳን ኤርፖርቷን በማርች 2020 ስትዘጋ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ ሆነ። «ልጄን ደቡብ አፍሪካ አምጥተህ አሳክምልኝ» የሚል ስልክ ከቤተሰብ የደረሳቸው ይህን ጊዜ ያውቁታል፤ እኛ ጋም የተቆለፈ መሆኑን ማስረዳት እንዴት ከባድ ነበር!

ጆሃንስበርግ ሁለተኛውን ማዕበል ተሻግራ ተንፈስ ባለችበት ኤፕሪል 16 ቀን 2021 ሻርሎት ማክሴኬ ሆስፒታል ተቃጠለ። እሳቱ የተነሣው የሕክምና ዕቃ ከተከማቸበት መጋዘን ነው። 700 ያህል ሕመምተኞች እየተደገፉ፣ እየተገፉ፣ ኦክሲጅናቸውን እንደያዙ ወጥተው ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ተበተኑ፤ የሞተ ሕመምተኛ አለመኖሩ የነርሶቹንና የሐኪሞቹን ብርታት ይመሰክራል። በግቢው የነበሩት የውሃ መክፈቻዎች ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ቱቦ ጋር አለመግጠማቸው በጊዜው ተነግሯል። ከ1,000 በላይ አልጋ የነበረው፣ የልብ ካቴተር ክፍል ካላቸው ጥቂት የመንግሥት ሆስፒታሎች አንዱ የሆነው ይህ ተቋም ለሰባት ቀን ይዘጋል ተብሎ ለወራት ተዘጋ።

ይህ የሆነው ሦስተኛው ማዕበል ሊገባ ሳምንታት ሲቀሩት ነው። በጁንና በጁላይ 2021 ጋውቴንግ ከአገሪቱ ሁሉ የከፋውን ሲቀምስ፣ የሻርሎት ማክሴኬ ሸክም ክሪስ ሃኒ ባራግዋናትና ሄለን ጆሴፍ ላይ ወደቀ። ከጄፒ ተነሥቶ ፓርክታውን ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃ የነበረው የሂልብሮው ሰው፣ አሁን ልቡን ቢይዘው ከአሥራ አምስት ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሶዌቶ መሄድ ሊኖርበት ነው፤ እዚያም ኮሪደሩ በኮሮና ሕመምተኛ ሞልቷል። በዚያው በጁላይ ከ350 በላይ ሰው የሞተበት ረብሻ ተነሣ። የወገኖቻችን ሱቆች ብቻ ሳይሆኑ ፋርማሲዎችም ተዘረፉ፤ መንገድ ተዘጋ። ኪኒን የሚገዛበት ገንዘብም፣ ኪኒኑም፣ መንገዱም በአንድ ሳምንት የጠፋበት ሰው ነበረ። የሻርሎት ማክሴኬ የካንሰር ክፍል ከጁን መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ሲጀምር፣ የድንገተኛው ክፍል ግን የተከፈተው በሜይ 2022 ነው። ከአንድ ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

ለእኛ ደግሞ ከርቀቱ በላይ ወረቀቱ ነበረ። የስደተኞች ጉዳይ ቢሮዎች ከማርች 2020 ጀምረው ተዘጉ። መንግሥት ያለፈባቸውን የአሳይለም ወረቀቶች በዐዋጅ እያራዘመ ቢቆይም፣ በእጅ ያለው ወረቀት ላይ የሚነበበው ያለፈው ቀን ነው፤ የሆስፒታል በር ላይ የቆመው ሰው ደግሞ ዐዋጁን አላነበበም። «ወረቀቴ አልፎበታል፣ ይመልሱኛል፣ ወይም ያስይዙኛል» ብሎ ቤቱ የቀረ ስንት ይሆን? ከላይ ወደ ሁለተኛው «ይቆይ» አዘነብላለሁ ያልኩት ለዚህ ነው። ሕጉ ለድንገተኛ ሕመም በሩን አልዘጋም ነበርና።

ሕጉ ምን ይላል? የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 በሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ፣ ማንም ሰው ድንገተኛ ሕክምና አይከለከልም ይላል። ማንም ዜጋ አላለም፤ ማንም ሰው ነው ያለው። በ2003 የወጣው የጤና ዐዋጅም ይህንኑ ግዴታ በግል ሆስፒታሎች ላይ ጭምር ጥሏል። የግሉ ሆስፒታል አደጋውን ካረጋጋ በኋላ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሊያዛውር ይችላል፤ በር ላይ ቅድመ ክፍያ እየጠየቀ ልቡ የቆመበትን ሰው መመለስ ግን አይችልም። «ድንገተኛ» የሚለውን ቃል ትርጉም የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 1997 ሱብራመኒ በተባለው ክስ ወስኖታል። ከሳሹ ኩላሊታቸውም ልባቸውም የታመመ የደርባን ሰው ነበሩ፤ የኩላሊት እጥበት ከመንግሥት ሆስፒታል ተከልክለው ነው የከሰሱት። ፍርድ ቤቱ ዘወትር የሚደረግ እጥበት ድንገተኛ አይባልም፣ ድንገተኛ ማለት ሳይታሰብ የሚወድቅ አደጋ ነው ብሎ ፈረደባቸው። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ፍርዱ ለእርሳቸው መራር ነው። ነገር ግን ድንገት ለተደፈነ ልብ ከዚያ የበለጠ ግልጽ ቃል አይገኝም። ከእጅ ስልክ 112፣ ለመንግሥት አምቡላንስ 10177 የሚደውል ሰው የሚጠየቀው ያለበትን ቦታና የሕመሙን ዓይነት ነው።

በመጨረሻ ቍጥሩ ምን ሆነ? በደቡብ አፍሪካ በኮሮና ሞቱ ተብለው የተመዘገቡት ከ100,000 ትንሽ ያልፋሉ። የአገሪቱ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በየሳምንቱ ሲቈጥር የነበረው፣ ከተለመደው በላይ የሞተው ሰው ግን ከ300,000 በልጧል። ልዩነቱን አብዛኛውን የወሰደው ያልተመረመረ ኮሮና ነው ይላሉ አጥኚዎቹ፤ እኔም እቀበላለሁ። የቀረው ውስጥ ኪኒኑ ያለቀበት፣ ቀጠሮው የተሻረበት፣ «ጨጓራ ነው» ብሎ ያደረው ሁሉ አለ። በሞት ወረቀቱ ላይ «የተፈጥሮ ሞት» ተብሎ ተጽፎለታል።

ወረርሽኙ ሲያልፍ በሩ ላይ የሚቆመው ሰው ተለወጠ። በኦገስት 2022 ፕሪቶሪያ አጠገብ በሚገኘው ካላፎንግ ሆስፒታል በር ላይ ኦፕሬሽን ዱዱላ የተባለው ቡድን አባላት ቆመው፣ የሚገባውን ሰው መልክና አነጋገር እየለዩ ይመልሱ ጀመር፤ በ2025ም በጆሃንስበርግ ክሊኒኮች ደጃፍ ይህንኑ አደረጉ። በኖቬምበር 2025 የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቡድኑ ማንንም ወረቀት እንዳይጠይቅና ከጤና ተቋም እንዳያግድ አዘዘ። በር ላይ የሚከለክልዎ ሰው ካጋጠመዎ የነርሶቹን ኃላፊ ያስጠሩ፤ የጥበቃ ሠራተኛም ሆነ ሰልፈኛ ድንገተኛ ሕመም ነው ወይም አይደለም ብሎ የመወሰን ሥልጣን የለውም።